በጭቃ የደፈንኩት አረንጓዴ ድንጋይ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ዲማ ባለው የወርቅ ጉድጓዳችን አፍ አራት ሰዎች ነበርን። እኔ አብራር፣ አብረውኝ የሚቆፍሩት ሙስጠፋና ዊሊያም፣ እንዲሁም የሙስጠፋ እህት ሪድዋና። ሪድዋና ጋምቤላ ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ጨርሳ፣ የዲማ ልጆችን ሳይንስ ልታስተምር በዚያው ሳምንት ተመልሳ ነበር። ለወንድሟ ምሳ ይዛ መጥታለች።

ከጉድጓዱ ስወጣ ፊቴ በሙሉ ጭቃ ነበር። በእጄ ወርቅ ከምንፈልግበት ነጭ ድንጋይ ጎን ያገኘሁትን አንድ አረንጓዴ ነገር ይዣለሁ።

«ጣለው፣ ወርቅ የለውም» አለ ዊሊያም። «ጠርሙስ ነው። አንድ ሰው ቢራ ጠጣ፣ ቀበረው።»

«አትጣለው» አለች ሪድዋና። ተቀብላኝ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ብርሃን አነሳችው። እርስ በርስ የተጣበቁ ሦስት ትንንሽ ኩቦች ነበሩ፤ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አልኩ።

«ማንም አልቆረጠውም። ፍሎራይት ይባላል። ራሱ ነው እንዲህ ያደገው።»

«ድንጋይ ያድጋል እንዴ መምህርት?»

«ይኸው፣ አብራር አፍ አወጣ» አለ ሙስጠፋ። «ከእኔ ጋር ስድስት ወር ሲቆፍር አሥር ቃል አልወጣውም።»

ጆሮዬ ጋለ። እሷ ግን ያልሰማች መስላ ነገረችኝ። ከመሬት በታች፣ በጣም ጥልቅ ቦታ፣ የሚፋጅ ውኃ ነበረ። ውኃው ድንጋዩን እያሟሟ በስንጥቁ ሽቅብ ወጣ። ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን መጣል ጀመረ፤ ውኃው ሲተን ድስት ላይ እንደሚቀር ጨው። አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ እየተደረበ ኩብ ሆነ።

«አንደኛው ነገር ካልሲየም ነው፣ አጥንታችን ውስጥ ያለው። ሁለተኛው ፍሎሪን፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው።»

«ታዲያ አጥንትና የጥርስ ሳሙና ነው በይኛ» አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ሳልፈልግ የዋልኩበት ቀን የለም።

መዶሻ እንዳላስነካው አስጠነቀቀችኝ፤ ከተመታ በውስጡ ባሉት መስመሮች ተሰንጥቆ ቅርጹን ያጣል። የእንጨት ሽብልቅ ሠርቼ በዙሪያው ያለውን አፈር በቀስታ እፈለፍል ነበር። ያገኘሁትን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ፀሐይ ቀለሙን ሊያደበዝዘው ስለሚችል በካርቶን ታስቀምጠዋለች። በየድንጋዩ ሥር የሚቀመጠውን ወረቀት እኔ እንድጽፍ ሰጠችኝ፤ የተገኘበት ጥልቀት፣ ቀኑ፣ ያወጣው ሰው ስም።

«ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» አልኳት።

«ይሁን። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ እንዳንተ ፊደል አልጠነቅቅም።»

በታኅሣሥ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ መስኮቶቹን እንድዘጋ አዘዘችኝ። በከሰል ምድጃ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ጥዳ አንድ ስባሪ አስቀመጠችበት። በሩን ገርበብ አድርገን ጠበቅን። ስባሪው ቀስ ብሎ ከውስጡ በራ፤ ሰማያዊም አረንጓዴም የማይባል ብርሃን ነበር። ፊቷን በዚያ ብርሃን አየሁት። ወዲያው ድንጋዩ ጠሽ ብሎ ፈነዳና አንድ ቅንጣት ጉንጬን ጫረኝ። ሪድዋና ደንግጣ ክንዴን ያዘች። ድንጋጤዋ ካለፈ በኋላም አልለቀቀችኝም።

«ሙቀት አይችልም» አለች በዝግታ። «ውስጡ የታሰረ ውኃ አለ፤ ሲግል ይበጣጥሰዋል። ብርሃኑንም የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አባከንሽው?»

«አንተ እንድታየው።»

ጉንጬን በሻርፗ ጠረገችልኝ። ከዚያ በኋላ ሪድዋና ብዬ በስሟ ጠራኋት።

እናቷ እማማ ዘሃራ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባላቸውን ያጡት ጉድጓድ ተደርምሶበት ነው። የእኛን ነገር ሲሰሙ አልተቆጡም። «ልጁ ጨዋ ነው። ግን ሙስጠፋ እምቢ ያለኝ ይበቃል፤ ሁለተኛ ሬሳ ከመሬት ውስጥ አላስወጣም። ቁፋሮ ያቆመ ዕለት ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

ለማቆም ወሰንኩ። አባቴ በሰፈራ ያገኘው የበቆሎ ማሳ አለ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ከረመዳን በፊት አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች እንዲመጡ ተቀጠረ።

«እማዬን ለእኔ ተዋት» አለኝ ሙስጠፋ። «አንተ ብቻ በዚያ ቀን አፍህን ክፈት።»

ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ብቻዬን ስቆፍር በቀኙ ግድግዳ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። የእጅ ባትሪዬን ሳበራበት ውስጡ በሙሉ አረንጓዴ ነበር። የክብሪት ቤት የሚያህሉ ኩቦች ጎን ለጎን ተደርድረው በቅለዋል። ሙሉውን ከበቀለበት ድንጋይ ጋር አውጥቼ ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ልሰጣት አሰብኩ። ለሙስጠፋ ብነግረው ይስቅብኛል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ለእህቱ ይነግራታል። ስለዚህ ቀዳዳውን በእርጥብ ጭቃ ደፈንኩት። ሁለቱ ሲወጡ እየከፈትኩ በሽብልቄ ትንሽ እፈለፍላለሁ፣ መልሼ እደፍናለሁ።

እኛ ዘንድ መዶሻ ያቃተው ድንጋይ የሚሰበረው በእሳት ነው። ማገዶ ደርድረን እናነዳለን፤ ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ እንቆያለን። ከዚያ አንዱ ይወርድና በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ይደፋበታል፤ ይሰነጠቃል።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ጉድጓዱ ዘንድ ስደርስ ሙስጠፋ ማገዶውን በቀኙ ግድግዳ ሥር ደርድሮ ጨርሷል። ሪድዋናም ምሳ አምጥታ ከዊሊያም ጋር ቆማለች።

«ግራውን ብናነድ አይሻልም?» አልኩ።

«ለምን?» አለ ሙስጠፋ።

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ብሎ ነገር የለም። ግራውን አይተነዋል፣ ባዶ ነው።»

«አብራር እዚያ ሚስት ደብቋል» አለ ዊሊያም።

ሪድዋና ፈገግ ብላ አየችኝ። «ከጭቃው ጀርባ አረንጓዴው አለ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሷ ፊት ይህን መናገር ልቤን አውጥቶ ማሳየት መሰለኝ። ጭቃው ከሙቀቱ ይከልለዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዝም አልኩ።

እሳቱ ተለኮሰ። ጭሱ ሲሳሳ «ውኃውን እኔ ላውርድ» አልኩ።

«አንተ እህቴን አጫውት» አለና ጄሪካኑን ይዞ ወረደ።

ውኃው ሲደፋ ሰማን። ከዚያ ብዙ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሙስጠፋ እናቱን ጠራ።

መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደምና አረንጓዴ ስባሪ ነበር።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ እኔና ሪድዋና አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ዊሊያም እማማ ዘሃራን ሊጠራ ሄዷል። ነርሷ ውስጥ ሆና የሙስጠፋን ዓይን ስታጥብ ይሰማል።

«ፍሎራይት ነው» አለች ሪድዋና። «እዚያ እንዳለ ማንም አላወቀም?»

«ማንም አላወቀም» ብል ታምነኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም ይመጡ ነበር።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኩ። «በጭቃ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እሳት እንደማይችል ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ማገዶው ሲለኮስ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልክ አብራር?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። እጄን አንስታ በሁለት እጇ መሃል አደረገችው፤ መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ መልሳ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ለእናቴ አልነግራትም» አለች። «አንተም አትንገራት፤ አትችለውም። ለሙስጠፋ ግን ራስህ ትነግረዋለህ። ሽማግሌዎቹ አይምጡ።»

«እሺ» አልኩ።

ለሙስጠፋ በማግስቱ ነገርኩት። ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሰማኝና ውጣ አለኝ። ጅማ ወስደውት የግራ ዓይኑ ወጣ፤ በቀኙ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለያል። እማማ ዘሃራ ሱቁን ሸጡ። ሪድዋና ወደ ጋምቤላ ከተማ ተዛውራ እናቷንና ወንድሟን ይዛ ሄደች። በሰኔ እኔና ዊሊያም ሌላ ጉድጓድ ጀመርን።