ላልሞተ ሰው አሜን

«ባልሽስ፣ እመቤት?» አለ የባንኩ ሠራተኛ በዐረብኛ፣ እስክሪብቶውን እንዳነሣ።

ፅዮን ለእናቷ ልትተረጉም ስትል የሺሐረግ ቀደመቻት። «ራሕ» አለች፤ ሄደ ማለቷ ነው። እጇንም በመስኮቱ በኩል፣ ወደሚተራመሰው የካይሮ ሞሃንዲሲን ሰፈር መንገድ ወርወር አደረገች።

ሰውየው ጥቁር ቀሚሷንና ጥቁር ሻሿን አየ። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «አላህ የርሐሙ» አላት።

«አሜን» አለች የሺሐረግ።

የየሺሐረግ ዐረብኛ የወጥ ቤትና የገበያ ዐረብኛ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ትሟገትበታለች፤ ነገሩ ከዚያ ካለፈ ግን፣ አላህ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር አሜን ብላ ትገላገላለች። መልካም ምኞት መሰላት እንጂ «ነፍስ ይማር» መባሏን በምን ትወቅ? ጥቁሩም ቢሆን የተለበሰው በፋሲካ ሰሞን ጎንደር ላረፉት እናቷ ነው። ፅዮን ግን ካይሮ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በደንብ ሰምታለች። አባቷ ታምሩ ዓይኗ እያየ ሞተ። እዚያው ካይሮ፣ ናስር ሲቲ ከሌላ ሴት ጋር የሚኖረው፣ አርብ አርብ የሚደውልላትና እሷ የማታነሣለት ታምሩ።

ልታርመው አስባ ነበር። ሰውየው ግን ከዚያች ቃል በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ሻይ አዘዘላቸው። «በሃምሳ ዓመት ዕድሜ የቤት ብድር ቀላል አይደለም» አለ ለፅዮን፤ «ግን እናትሽ ቋሚ ሥራ አላት። ባል ከሞተ ደግሞ፣ መቼም፣ የባል ፊርማ አንጠይቅም። የሞቱን ወረቀት አምጡ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ፅዮን ማረሙን ትታ ሻይዋን ጠጣች። ያስተዋት ቤቱ ነው። ተከራይተው የሚኖሩበትን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ አገሩን ፈርቶ ወደ ካናዳ ሊሄድ ቆርጧል። ለእነሱ ቅድሚያ ሰጥቶ እስከ ሐሙስ ይጠብቃል። ከሐሙስ በኋላ ግን ገዢ አለው፣ ገዢውም ባዶ ቤት ነው የሚፈልገው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው፤ አባት ሄደ፣ አሁን ደግሞ ቤት።

ደረጃውን ሲወርዱ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ሰውየው አባዬ የሞተ መስሎታል።»

«ማን ሞተ አለው?»

«አንቺ። ነፍሱን ይማር ሲልሽ አሜን አልሽው።»

የሺሐረግ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ አላስቆም ብሏት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ታምሩ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ ጀምሮ ፅዮን እናቷ ለእሱ ስታለቅስ አይታ አታውቅም ነበር።

«ለእናቴ ጊዜ ቤታችን ሰው ሞልቶት ነበር» አለች፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ከዛማሌክ ሳይቀር፣ በሰው ቤት የሚሠሩት ሁሉ ማዳሞቻቸውን አስፈቅደው መጡ። አባትሽ ሲሄድስ? አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። ምን ብሎ ይምጣ? ለቅሶ አይደል፣ ሠርግ አይደል።»

ፅዮን አጠገቧ ተቀመጠች። «ወረቀቱን ከየት እናመጣለን?»

«ወረቀትማ አይጠፋም። ጎረቤታችን እጅጋየሁ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ታውቃለች።» የሺሐረግ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «አባትሽ ነው። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ፅዮን ለትንሽ ጊዜ አባቷን ገደለችው። ቀላል ነበር፤ እንዲያውም ደስ አላት። ለክፍሏ ልጆች «ሙሳፊር ነው፣ ውጭ አገር ሄዷል» እያሉ መዋሸት ሊቀር ነው። ከዚያ አርብ ትዝ አላት። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ሲደውል ማን ብላ ታነሣለታለች? አንድ ቀን ልታነሣለት ታስብ እንደነበር ያኔ ነው ያወቀችው። ትጠላዋለች፤ ናፍቋታልም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ይህን ስታውቅ እንባዋ መጣ።

«እዚሁ ጠብቂኝ» ብላ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

«አባቴ አልሞተም» አለችው ሰውየውን። «ትቶን ነው የሄደው። እናቴ ያልከው ቃል አልገባትም።»

ሰውየው ፋይሉን ከፈተ፤ ጽፎት የነበረውን ሰረዘው። «ማሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያው ሳይፈርም አይሆንም። ከሐሙስ በፊት። ይፈርማል?»

«አላውቅም።»

ስትወርድ እናቷ የሕንፃው በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን በውሃ ታጥባ ጨርሳለች። ሰውየው ምን እንዳለ አልጠየቀችም፤ ከልጇ ፊት አነበበችው።

«እማዬ፣ አባዬ ናስር ሲቲ የት ጋ ነው የሚኖረው?»

ይህን ጥያቄ ፅዮን ድሮም ጠይቃት ታውቃለች። መልሱ ሁልጊዜ «እኔ ምን አውቄ» ነበር።

«ከትልቁ መስጊድ ጀርባ» አለች የሺሐረግ። «ከፋርማሲው በላይ፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳው ላይ ሰማያዊ መጋረጃ አለ።» ሻሿን አጠበቀች። «ሰማያዊውን በቅርብ ነው የሰቀሉት። በፊት ቢጫ ነበር።»

ፅዮን መቼ አየሽው ብላ አልጠየቀችም። እናቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ ናስር ሲቲ የሚሄደውን ማይክሮባስ በእጇ አስቆመች።

«ንገሪው እንጂ አትለምኚው» አለቻት የሺሐረግ፣ የማይክሮባሱን በር ይዛላት። «ደግሞ ከሰዓት እላፊው በፊት ተመለሺ።»

«እሺ» አለች ፅዮን፣ ገባችም።