የኦምራ ሐይቅ ይብራዎች

በዘራም መንግሥት ሙታንን ወደ ማዶ የሚያሻግሩት ይብራ የሚባሉት ትልልቅ ነጭ የውሃ ወፎች ነበሩ። ሰው በሞተ ማግስት አንዱ ከኦምራ ሐይቅ ተነሥቶ በቤቱ ጣራ ላይ ያርፋል፤ የሟቹን ድምፅ ከምንቃሩ ሥር ባለው ከረጢት ይዞ ይበርራል። አሁን ግን ሐይቁ ሸሸ፤ ዓሣው አለቀ፤ ይብራዎቹም ሄዱ። ሙታን በየቤታቸው ቀርተው ከግድግዳው ውስጥ ያንሾካሹካሉ።

ሲሃል ትምህርቷን ጨርሳ ከሩቅ አገር ስትመለስ አባቷ ተቀብሮ ነበር። ድምፁ ግን ከምድጃው አጠገብ ጠበቃት።

«መጣሽ ልጄ? ምነው ከሳሽ?»

ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ በድንጋይ በር ዘግቶ በምሥጢር ቃል የቆለፈው እሱ ነበር። ሐይቁ ሲጠብ ዓሣው ይሰበሰባል፣ ወፎቹም ሳይደክሙ ይጠግባሉ ብሎ። በመጀመሪያው ዓመት እውነትም ጠገቡ። ዓሣ የሚራባው ግን በዳር ባለው ሸምበቆ ውስጥ ነው፤ ሸምበቆው ደረቀ።

«ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ወደ በሩ ውሰጂኝ» አላት።

«ወፎቹ ከተመለሱ አንተንም ይወስዱሃል።»

«ታዲያ ለዘላለም ምድጃ ሥር ልቀመጥ?»

በተማረችበት አገር ሙታን አይናገሩም። ይህን ድምፅ መስማቷን ገና ሳታምን አሳልፋ ልትሰጠው ነው? ከጎረቤት ግድግዳ የሞተ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ እሹሩሩ ስትለው ተሰማ። ሲሃል ተነሥታ ቅል አወረደች፤ የአባቷን ድምፅ ከተተችበት።

ቀዛፊው ቆርዳ ታንኳውን በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ እየጎተተ ተከተላት።

«ጋሽ ቆርዳ፣ ውሃ በሌለበት ታንኳ ምን ያደርጋል?»

«ስንመለስ በእግር የምንመጣ መሰለሽ?»

የሰመጡ አጥማጆች ጥላዎች ከተሰነጣጠቀው ጭቃ እየተነሡ ቀሚሷን ያዙ። «እኛንስ ማን ያሻግረን?»

«በአባቴ መቃብር እምላለሁ!» አለች ሲሃል። «በሩን ሳልከፍት አልመለስም። ወፎቹ ሲመጡም እናንተ ትቀድማላችሁ!»

ጥላዎቹ መንገድ ለቀቁላት።

ከድንጋዩ በር ሥር የቅሉን ውታፍ ነቀለች። አባቷ ቃሉን ተናገረ፤ በሩ አቃሰተ፤ ወንዙ እየጮኸ ወረደ። ቆርዳ ጎትቶ ታንኳው ላይ ባይጥላት ኖሮ ጎርፉ ይወስዳት ነበር። መልሳ የወተፈችውን ቅል ግን ከደረቷ አልለቀቀችም።

ወፎቹ ወዲያው አልመጡም። ሸምበቆው እስኪያቆጠቁጥ፣ ዓሣው እስኪራባ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከዚያ ይብራዎቹ ተመለሱ፤ የሰመጡት ቀድመው ሄዱ። ቀጥሎም ሕፃኑ።

አንድ ማለዳ ጣራዋ ላይ ክንፍ ተርገበገበ።

«ወፉ ጠግቧል?» አለ አባቷ ከቅሉ ውስጥ።

ሲሃል ወጥታ ቀና አለች። ከይብራው ምንቃር የዓሣ ጅራት ወጥቶ ይወራጫል።

«ጠግቧል፣ አባዬ» አለችና ውታፉን ነቀለች።