በመጨረሻ የተወለደው ድንጋይ

የድንጋይ ተመራማሪው በናሙና ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የላይኛው መደርደሪያ ወድቆ ነጣ ያሉ ድንጋዮች ዙሪያውን ተበትነዋል፤ አንዱ ደም አለበት።

ፖሊሱ የላብራቶሪ ረዳት የሆነችውን ልጅ በካቴና አስሯታል። የመደርደሪያውን ብሎን የምታጠብቀው እሷ ነበረች፤ ጠዋትም ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።

መርማሪው ቀስ እያለ በእግሩ መጣ። በዚሁ አካሄዱ ሰዉ «እንቁላል» ይለዋል፤ መላጣነቱም ለስሙ ሳያግዝ አልቀረም።

«ብሎኑን አላልተሽዋል?»

«ጋሼ፣ አጥብቄዋለሁ።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ምሳ ሳይበላ እየዋለ አስቸግሮኝ ነው። እንደ አባቴ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ወንድም ጣልቃ ገባ። ድንጋዮቹ የመጡበትን ኮረብታ ለማሻሻጥ የሚሯሯጥ ደላላ ነው፤ ሐዘን ላይ እንኳ ጫማው ያብለጨልጫል።

«በመስኮት አይቻለሁ። መደርደሪያው ሲዘነብል ይሄ ደም ያለበት ድንጋይ ከላይ መጥቶ አናቱን መታው። ሮጬ ገብቼ ድንጋዩን ከላዩ ያነሳሁለት እኔ ነኝ።»

«ይሄው ራሱ?»

«ዓይን የለኝም እንዴ?»

«ኧረ አለህ፤ እንዲያውም ሳይበዛብህ አልቀረም» አለ እንቁላል። ወደ ሚስትየው ዞረ። «እትዬ፣ ድንጋዮቹ እንዴት ነበር የሚደረደሩት?»

«በልደታቸው» አለች እንባዋን እየዋጠች። «ኮረብታው ድሮ ቀልጦ የነበረ አለት ነው። መጀመሪያ የረጋው ካልሲየም የበዛበት ነው። የቀረው ቅልጥ እየተለወጠ ሲሄድ ማግኒዚየም ያለበት ይወጣል፤ በመጨረሻ ብረቱና ብርቅዬው ማዕድን የተጠራቀመበት። ታላቆቹን ላይ፣ ታናሾቹን ታች ያስቀምጣል። አንዴ ባቀያይርበት ስንት ቀን አኩርፎኛል።»

እንቁላል ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መደርደሪያ ሲያይ ቆየ። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ሰበሰበና ልጅቷን የአሲድ ጠርሙስ አስመጣት።

ከወደቁት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ጠብ አደረገ። ወዲያው አረፋ ደፈቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«እነዚህ ታላቆቹ ናቸው። ካልሲየም ስለበዛባቸው ቁጡ ናቸው።»

ደም ባለበት ድንጋይ ንጹሕ ጎን ላይ ጠብ አደረገ። ድንጋዩ ዝም አለ።

«ይሄ ታናሽ ነው፤ ብረትና ማግኒዚየም ስላለበት ቶሎ አይቆጣም። ለማያውቅ ሰው ግን ሁሉም መንታ ይመስላሉ።»

«ተቀላቅሎ ላይ ወጥቶ ቢሆንስ?» አለ ደላላው።

እንቁላል ድንጋዩን በጨርቅ ይዞ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ።

«እስከ ዛሬ ከታች ተነስቶ አናት ላይ የሚወድቅ ድንጋይ አላየሁም። አንተም አላየህም። ጎንበስ ብለህ ይሄንን አነሳህ፤ መታኸው። ከዚያ ብሎኑን ፈትተህ መደርደሪያውን ጣልከው። ከነዚህ ሴቶች አንዷ ብትሆን ኖሮ ታናሹን ከታላቆቹ መሀል ትታው አትሄድም ነበር።»

ደላላው ግድግዳውን ተደገፈ። «ገዢዎቹ ነገ ይመጣሉ። ኮረብታው በሙሉ ብርቅዬ ማዕድን ነው ብለህ ፈርም አልኩት። ‹ታናሹ ድንጋይ ጥቂት ነው፤ ሰው አላታልልም› አለኝ።»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወደ እሱ ተሻገረ። ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ ፊቷን አዞረችበት።

ልጅቷ አንጓዋን እያሻሸች ቆማ ቀረች። ሚስትየው ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ነይ ልጄ» አለቻት። «እስካሁን በወጉ እንድናለቅስለት ጊዜ አልሰጡንም።»