ኤሊፋስን ጥሪልኝ

«ኤሊፋስን ጥሪልኝ» አሉ አያቷ።

ቱየኒ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ማሃንጉ ከሚባለው እህል የተሠራ አጥሚት ልታቀምሳቸው እየታገለች ነበር፤ ትንሽ ዋጥ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ማንን አሉኝ አባባ?»

«ወንድሜን።»

በዚህ ቤት የዚያ ሰው ስም ተጠርቶ አያውቅም። አባባ ሃይዱላ ገና በወጣትነታቸው ድንበር ተሻግረው አንጎላ የገቡ የነጻነት ተዋጊ ነበሩ። ናሚቢያ ነጻ ስትወጣ ጠመንጃቸውን አስቀምጠው አምባሳደር ሆኑ፤ ሲተላለቁ የኖሩ የሌላ አገር ሰዎችን ለወራት አሸማግለው አስታርቀዋል። ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች በተጣሉ ቁጥር «የአምባሳደሩ ልጅ፣ ነይ እስቲ ገላግይን!» እያሉ ቱየኒ ላይ ሙድ ይይዙባታል። ታናሽ ወንድማቸው ኤሊፋስ ግን በጦርነቱ ጊዜ የጠላትን ዩኒፎርም ለብሰው መንገድ መሪ ነበሩ። አሁን ከሜዳው ማዶ፣ ከእነሱ ቤት በማይርቅ ቦታ ፍየል ያረባሉ። ወንድማማቾቹ ገበያ ላይ ከተያዩ አንዳቸው መንገድ ይቀይራሉ።

«የስንቱን አገር ሰው ሳስታርቅ ኖርኩ» አሉ አባባ ትንፋሽ እያጠራቸው። «የእናቴን ልጅ ግን ደህና ዋልክ እንኳ ሳልለው…»

የአባባ የመጀመሪያ ልጅ፣ አክስቷ ንዳፓንዳ፣ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። ቱየኒን በእጇ ጎትታ ወደ ግቢው አወጣቻት።

«የትም አትሄጂም! ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው።»

«አክስቴ፣ አእምሯቸው ደህና ነው እኮ!»

«ዝም በይ! የአባቴ እናት ቤታቸው ውስጥ የተቃጠሉት በማን ምክንያት ሆነና ነው?»

ይህን ቱየኒም ታውቃለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አክስቷ ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል ግን በአጥሩ ክፍተት ሹልክ ብላ ወጣች።

ኤሊፋስ ፍየሎቻቸውን ውሃ እያጠጡ ነበር። በቅርብ አይታቸው አታውቅም፤ አገጫቸው ቁርጥ የአባባ ነው።

«አባባ እየጠሩዎት ነው።»

ባልዲው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። «ሃይዱላ? እኔን?»

«እርስዎን። በጣም ደክመዋል፤ ቶሎ እንሂድ።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ደርበው ተከተሏት። የዝናብ ውሃ የተኛበትን ሜዳ እያቋረጡ ሳለ ቱየኒ አላስችል አላት።

«ያን ቀን እዚያ ነበሩ?»

የቱን ቀን ብለው አልጠየቁም።

«መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ወታደሮቹ ሃይዱላን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ቤቱን አንነካም ብለውኝ ነበር። አመንኳቸው። ቤቱን ሲለኩሱት፣ እማዬ ውጪ እያልኩ መኪናቸው ላይ ሆኜ ስጮህ… እኔን ስታይ ነው በሩን የዘጋችው።»

ቱየኒ ባለችበት ቆመች። ጥላቸው መሮጥ አማራት። ሽማግሌውም ቆሙ።

«ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ፣ ልጄ።»

«አባባ ይሄን ያውቃሉ?»

«ነጻነት በመጣ ሰሞን ራሴ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ፊቱን ያዞረብኝ።»

«እያወቁ ነው የጠሩዎት ማለት ነው» አለች። መንገዷን ቀጠለች።

ቤቱ ሳይደርሱ ለቅሶው ተሰማ። ቱየኒ ሮጠች። አክስቷ የግቢው በር ላይ ራሷን ይዛ ቆማለች።

«የት ሄደሽ ነው? ቱየኒ የት ሄደች እያሉ ዓይናቸው በሩ ላይ እንደተንከራተተ…»

ከዚያ ከቱየኒ ኋላ የሚመጡትን ሽማግሌ አየች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ይሄ ሰውዬ ከዚህ በር አያልፍም!»

ኤሊፋስ አልተከራከሩም። ከአጥሩ ውጭ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው በለቅሶ ይርገፈገፍ ነበር። ጎረቤቶች እየመጡ፣ እንዳላዩ ሆነው እያለፏቸው ገቡ።

ቱየኒ ገብታ የአባባን ግንባር ሳመች። ገና አልቀዘቀዘም። ቢመልሱላት ብላ ጆሯቸው ስር «ወንድምዎ መጥተዋል፣ አባባ» አለች። የጎረቤት ሴቶች አንስተው አቀፏት። ከእቅፋቸው ወጥታ በሩን አለፈችና አሸዋው ላይ፣ ከኤሊፋስ አጠገብ ተቀመጠች። አልነካቻቸውም። ይቅር ትበላቸው አትበላቸው ራሷም አላወቀችም።

አክስቷ ተከትላት ወጣች። «ምን ሆነሻል? ሰው ምን ይላል? ተነሺ፣ ግቢ!»

«እሳቸው ሲገቡ እገባለሁ።»

ንዳፓንዳ በሩን ይዛ እዚያው ቀረች። ቱየኒ ጉልበቷን አቅፋ፣ የቤቷን ለቅሶ ከአጥሩ ውጭ ታለቅስ ጀመር።