ከሳሙኤል እና ከኦባዲያ መሀል

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ የምስቅ ልጅ ነኝ፣ ቸርች ውስጥ እንኳ ሰው ስለ መንፈስ ሲመሰክር እማዬ በክርኗ እስክትጎሽመኝ ነው የምስቀው፣ ስለዚህ ይሄን የምነግራችሁ እኔው መሆኔን አትርሱ። ደግሞ ጨለማም አልነበረም፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እዚህ ኦሃዮ፣ የዎርዝንግተን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነው።

መጀመሪያ ግን ያናደደኝን ልንገራችሁ። የታሪክ አስተማሪያችን የቤተሰብ ሐረግ ፕሮጀክት ሰጠን፣ የሴሚስተሩ ትልቁ ግሬድ እሱ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ አባዬን ሰባት ቤት አስቆጠርኩት፣ መኪና እየነዳ አንድም ሳይደናቀፍ ሰባቱንም አባቶች ጠራልኝ፣ ጽፌ ወሰድኩ። አስተማሪው አየውና «ሶርሱ የታለ?» አለኝ፣ የመረጃውን ምንጭ ማለቱ ነው። «አባቴ» አልኩት። «አባትሽ ሶርስ አይሆንም» አይለኝ መሰላችሁ፣ ያውም ፈገግ ብሎ! ከዚያ «የናንተ ወረቀት ስለሌለው ይሄን ሥሪ» ብሎ፣ አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በመርከብ የመጣ ኦባዲያ ክሬልተን የሚባል ሰውዬ ሰጠኝ፣ ዘሮቹ በኋላ ኦሃዮ መጥተው እርሻ ይዘዋል። የገዛ አያቶቼን አስጥሎ የሰው አያት አሸከመኝ!

አባዬማ ከኔ ብሶ «እኔ ሶርስ አይደለሁም?» ሲል ሰነበተ፣ ቅዳሜ ደግሞ «አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ይሄን ወረቀት ያለውን ጌታ ልየው» ብሎ ተከተለኝ።

የክሬልተኖችን መጽሐፍ አገኘን። ከመጨረሻው ዘር፣ ከኦሃዮው ገበሬ ከዋልተር ተነስቼ ወደ ላይ እስከ ኦባዲያ ስድስት ስም ጻፍኩ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አየና፣

«ይሄ ሁሉ ሰው የክሬልተን ልጅ ነው? ወንድማማች ናቸው እንዴ?»

«አባዬ፣ የቤተሰብ ስም ነው፣ አይቀየርም።»

«ታዲያ ማን ማንን እንደወለደ በምን ያውቁታል? በይ እንደ ሰው ቁጠሪው፣ በአፍሽ።»

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ቆጠርኩ። «ዋልተር» ስል ከኋላችን ካለው ግድግዳ ኳ አለ፣ ሰው በጣቱ አንጓ እንጨት ሲመታ እንደሚሰማው። «የኤድዋርድ»፣ ኳ። የማሞቂያው ቱቦ ነው ብዬ ቀጠልኩ፣ «የጆን» ኳ፣ «የሄንሪ» ኳ፣ «የሳሙኤል» ስል ግን ኳ፣ ኳ። ሁለት ጊዜ። «የኦባዲያ»፣ ኳ፣ ከዚያ ጸጥ።

አባዬ አየኝ፣ አየሁት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት፣ እመኑኝ፣ ያው ቦታ ላይ ሁለት ሆነ። ከዚያ አባዬ ወረቀቱን ቀማኝና ራሱ ቆጠረ፣ ሆን ብሎ ግን ጆንን ዘለለው። «ዋልተር» ኳ፣ «የኤድዋርድ...» ኳ፣ ኳ! ጆን መኖር የነበረበት ቦታ ላይ!

«የተዘለለ ሰው ሲኖር ነው ሁለት የሚለው» አለ ቀስ ብሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ከሳሙኤልና ከኦባዲያ መሀል አንድ ሰው ጥለዋል።»

«መጽሐፉ ግን ሳሙኤል የኦባዲያ ልጅ ነው ይላል።»

«መጽሐፉ ገደል ይግባ! በኢየሱስ ስም፣ ተነሺ እንሂድ!»

ስንወጣ የቤተ መጻሕፍቷን ሴትዮ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንዳለ ጠየቅኳት፣ «ምንም፣ የመኪና ማቆሚያው ነው» አለችኝ። ዞረን ሄደን አየነው፣ በዚያ በኩል ግድግዳው ጡብ ነው፣ በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ሰው የለ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሳስብበት ብስጭቴ ፍርሃቴን በለጠው። እንዴት ነው ሰው የሚጣለው? ሚስት ትሁን፣ ልጅ ትሁን፣ ያለ አባት የተወለደ ይሁን አላውቅም፣ ግን አንድ ሰው ኖሮ ሞቶ፣ ሐረጉ ሙሉ እንዲመስል ተብሎ ከመስመር ወጥቷል! ስለዚህ ከሁለቱ መሀል ባዶ መስመር ትቼ «እዚህ ጋ ሰው አለ» ብዬ ጻፍኩ።

አስተማሪው ሰኞ አየውና «መጽሐፉ ላይ የሌለ ሰው ፈጥረሻል፣ አጥፊው፣ አለበለዚያ ዜሮ ነው» አለኝ።

«አላጠፋም» አልኩት፣ እናንተ ብትሆኑስ?

እሱም ያለ ማስረጃ መጻፍ ምን እንደሆነ ለክፍሉ ላሳይ ብሎ ወረቀቴን ይዞ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበ። «ዋልተር።» ኳ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ የሠራሁት መስሏቸው። «እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ» አለኝ፣ አደረግኩ። «ኤድዋርድ።» ኳ። ድምፁ ከክፍሉ የዕቃ ቁም ሳጥን በኩል ነበር፣ ሄዶ ከፈተው፣ ወረቀትና ሙጫ ብቻ። ቀጠለ፣ ጆን፣ ሄንሪ፣ ሳቁ ቆመ። «ሳሙኤል» ሲል ኳ፣ ኳ፣ ሁለተኛው ቁም ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፣ እሱ የቆመበት ወለል ሥር ነበር፣ እግሩን ሲያነሳ አይቼዋለሁ።

ኦባዲያን ሳይጠራ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መጽሐፍ ገልጣችሁ አንብቡ አለን።

ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ግሬዴ አሁንም ባዶ ነው፣ ስጠይቀው «እያየሁት ነው» ይላል፣ ዜሮም አይሰጠኝ፣ ነጥብም አይሰጠኝ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። አንድ ነገር ግን እኔ ብቻ ሳልሆን ክፍሉ በሙሉ ልብ ብሎታል፣ ማንም አያወራውም እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስማችንን አይጠራም። በሩን ይዘጋና ዝም ብሎ፣ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥረናል፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል።