ፌስታል የስንተኛው ቀን ፍጥረት ነው?

አትጠገብ ትባላለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ቤቷ ጅጅጋ ነው፤ ከደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ አሰገደች ሱቅ ጀርባ። እናቷ ጨው፣ ምስርና በርበሬ በፌስታል እየቋጠረች ትሸጣለች። ቋጠሮዋን የምታስረው በቀይ ክር ነው። ከጅጅጋ እስከ ቀብሪበያ ብትሄዱ በቀይ ክር የሚያስር ሌላ ባለሱቅ አታገኙም። ክሩን ያዙት ልጆች፣ እንዳትጥሉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አትጠገብ የቅዳሜ ሥራ አላት። የተቀደዱትን የሱቅ ፌስታሎች ሰብስባ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የቆሻሻ ገንዳ ትወስዳለች። ገንዳው ሩቅ ነው። ደግሞ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ገንዳ ሲሄዱበት ይረዝማል፣ ወደ ብስኩት ሲሄዱበት ያጥራል።

አንድ ቅዳሜ አትጠገብ ቸኮለች። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ፊት፣ ሃያ ሁለቱን የእግዚአብሔር ፍጥረታት በቃሏ ልትወጣ ተመርጣለች። ልምምዱ ሊጀመር ነው። ጨው ጨው የሚሉትን ፌስታሎች በአንድ ትልቅ ፌስታል ጠቀጠቀች። አፉን በቀይ ክር አሰረች። ከዚያ ደረቁን ወንዝ አየች። ወንዙም አያት።

«ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይወስደዋል» አለች ለራሷ። «ማን ያየኛል?»

ወረወረችው። ሮጠችም።

ማን አያት መሰላችሁ? ፍየል!

ፍየሏ ዐዴይ ትባላለች፤ ነጭ ናት። የጎረቤቷ የዒፍራህ ናት። ዒፍራህ የአትጠገብ እኩያና ጓደኛ ናት። በሱማሌ ወግ ልጅ ተወልዶ እትብቱ ሲታሰር እንስት ከብት ይሰጠዋል፤ እሷ ትወልዳለች፣ ልጇም ትወልዳለች፣ ልጁ ከነመንጋው ያድጋል። ለዒፍራህ የተሰጠቻት የዐዴይ አያት ነበረች። መንጋው አሥራ አንድ ደርሶ ነበር። ድርቅ መጣና አሥሩን ወሰደ። የቀረችው ዐዴይ ብቻ ናት። እንግዲህ ዐዴይ ዝም ብላ ፍየል አይደለችም፤ የዒፍራህ ሀብት በሙሉ በአራት እግር ቆሞ ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት ዐዴይ መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ። እንዴት ተነፋ! ከበሮ ቢያያት «እኔ ቀጭን ነኝ» ይል ነበር። ሐሙስ የእንስሳት ሐኪሙ ዐብዲወሊ መጣ። ጎኗን አደንዝዞ፣ ቀድዶ፣ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ፌስታል ጎተተ። ሌላ ጎተተ። አሁንም ጎተተ! ተቀጣጥሎ ቢሰፋ ቶጎጫሌ ድረስ ለሚሄዱት ሎሪዎች ሁሉ ሸራ ይወጣው ነበር።

«ይቺ ሣር አይደለም የበላችው» አለ ዐብዲወሊ። «ሱቅ ነው የበላችው!»

በመጨረሻ ቀይ ክር ወጣ።

ከልጆቹ ጋር ቆማ ታይ የነበረችው አትጠገብ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

የዒፍራህ እናት ዑባህ ክሩን አየችው። የሰፈሩ ልጆች «ኤዶ ዑባህ» ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ኤዶ ዑባህ አትጠገብን አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«ነፋስ ነው!» አለች። «ይሄ የጅጅጋ ነፋስ! የገበያውን ቆሻሻ እያግበሰበሰ ያመጣል!»

እውነትም የጅጅጋ ነፋስ ስሙ አያምርም። አንድ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ጢም ከዚህ ነቅሎ ቶጎጫሌ ላይ የሌላ ሰው አገጭ ላይ ለጥፎታል። የማያምን ልጅ ሄዶ ጢሙን ይጠይቅ። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ነፋሱን ረገመ። ዒፍራህ እያለቀሰች ጡጫዋን ወደ ሰማይ ነቀነቀች። «ወንድ ከሆንክ አሁን ና ንፈስ!»

ሐኪሙ ቁስሉን ሰፋ። «እስከ እሑድ ካመሰኳች ትድናለች» አለ። «ካላመሰኳች ግን...» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ።

አትጠገብ ቤቷ ገባች። ጭንቅላቷ እንደ ወንፊት ሆነ። ማን ነው ያጠፋው? እሷ ጣለች። ግን ያለቅጥ የበላችው ዐዴይ ናት። ዐዴይን የጠራት ጨው ነው። ጨውን የሸጠችው እማዬ ናት። ኤዶ ዑባህ ደግሞ ነፋስ ብላለች፣ ትልቅ ሰው ይዋሻል? ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በጣቷ ቆጠረች። የእጇ ጣት አለቀ፣ የእግሯን ጨመረች፣ እሱም አለቀ፣ ሁለት ከድመቷ ተበደረች። ነፋስ አለ። ፍየል አለች። ፌስታል ግን የለም! እንደገና ቆጠረች። አሁንም የለም።

እሑድ ደረሰ። ዐዴይ አላመሰኳችም።

ከቅዳሴ በኋላ ልጆች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። አትጠገብ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ወጣች።

«እሑድ፤ እሳት፣ ነፋስ...» ቆመች።

«ቀጥይ እንጂ የኔ ልጅ» አላት መምህር ባህሩ። «ውሃ...»

«ነፋስ...» አለች። «መምህር፣ ፌስታል የስንተኛው ቀን ፍጥረት ነው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ «የገበያ ቀን!» ብሎ ጮኸ።

መምህር ባህሩ አልሳቀም። «እሱን የሠራው ሰው ነው» አለ።

«ሰውስ የስንተኛው ቀን ነው?»

«የዓርብ። ከፍየሏ ጋር በአንድ ቀን። ግን እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ ነው። ዘበኛ ነን፣ አትጠገብ።»

«ዘበኛው ራሱ አጥፍቶ፣ ነፋስ ነው ያጠፋው ቢባልስ? ዘበኛውም ዝም ቢል?»

«ነፋስም የእሱ ፍጥረት ነው። አፍ ስለሌለው በሐሰት ይከሰሳል?»

አትጠገብ ውሃን አላለችም፣ መሬትን አላለችም። በበሩ ሮጣ ወጣች። ሃያ ፍጥረታት እንደቆሙ ቀሩ!

ኤዶ ዑባህን ከዐዴይ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ኤዶ ዑባህ፣ ነፋሱ ንጹሕ ነው!» አለች እያለከለከች። «እኔ ነኝ! ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። ገንዳው ራቀኝ። ይቅር በሉኝ!»

«ቀይ ክሩን ሐሙስ አይቻለሁ» አለች ኤዶ ዑባህ።

አትጠገብ አፏን ከፈተች። «ታዲያ ለምን ነፋስ ነው አሉ?»

«ሰው ሁሉ ፊት ክርሽን ባነሣ ኖሮ ትክጂ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቅኩሽ፣ ወላሂ። ነፋሱም ታግሶኛል። አሁን ለባለቤቷ ንገሪያት።»

ዒፍራህ ከበሩ ጀርባ ሰምታለች። ፊቷን አዞረች። አትጠገብ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ዒፍራህ ጀርባዋን ሰጥታ ገባች። ስለዚህ ጆንያ ይዛ ብቻዋን ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። ሰማያዊውን፣ ጥቁሩን፣ በእሾህ የተያዘውን እየለቀመች ሞላች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለተኛውን ጆንያ ስትጀምር ሌላ እጅ የጆንያውን አፍ ያዘላት።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች ዒፍራህ። «ለዐዴይ ነው።»

አራት ጆንያ ሞሉ። አራቱንም እየጎተቱ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ገንዳው ድረስ ወሰዱ። መንገዱ ያን ቀን አጠረ።

ሲመለሱ ኤዶ ዑባህ ከደጅ ጮኸች፤ «ናያ፣ አንቺ ዒፍራህ! አትጠገብ! ቶሎ!»

ዐዴይ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያደረገች ታመሰኳለች። ዒፍራህ የአትጠገብን እጅ ያዘች።

አትጠገብ አንድ ዕዳ ቀርቷት ነበር። ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ነፋስ ሆይ፣ ይቅርታ» አለች። ነፋሱ መጣና ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፎ የቆጥ ያህል ከፍ አድርጎ ወሰደው። ይቅር ብሏት ይሁን ካሣውን ወስዶ፣ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባት ነው።

እናንተ ግን ግራ አይግባችሁ፤ እግዚአብሔር ምድርንና በውስጧ ያለውን ሁሉ እንድንጠብቅ አደራ ሰጥቶናልና፣ ስናጠፋ በሌላ ሳናሳብብ ጥፋታችንን እንመን፣ ያበላሸነውንም በገዛ እጃችን እናቅና።