የኡምኩልሱም ድምፅ ሲጠፋ

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ያላመነ መካነ ሰላም ሄዶ አዩብን ይጠይቅ።

ባለፈው ክረምት፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል።

አዩብ የኮምፒውተር መምህር ነው። እህቱ ኡምኩልሱም ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን፣ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ሞተች የሚል መርዶዋ መጣ፤ አስከሬኗ ግን አልመጣም። የቀሯቸው ለእናቷ የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች ብቻ ናቸው። እናቱ ኸዲጃ በየቀኑ ያደምጧቸዋል።

የዚያን ቀን የእናቱ ስልክ በፎቶ ሞላ። አዩብ የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ላፕቶፑ ላይ ሰካና፣ የተደጋገሙ ፎቶዎችን የሚሰርዝ አጭር ፕሮግራም አስነሳ።

ተርሚናሉ ላይ፣ በዚያ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት፣ የሚሰረዙት ፋይሎች ስም መውረድ ጀመረ።

ፎቶዎች አልነበሩም...

የእሷ ድምፆች ነበሩ።

አዩብ የ"ኮንትሮል" እና የ"ሲ" ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነ። የሚሄድ ፕሮግራም የሚቆመው በዚያ ነው።

አልቆመም።

"ኪቦርዱ ይሆናል" አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ወንድማገኘሁ።

"ኪቦርዱ ይሠራል። ተርሚናሉም ተቀብሎታል... ይኸው፣ ምልክቱን ጽፎታል።"

"እንግዲያው እንቢ ያለው ፕሮግራሙ ነው። በሌላ መስኮት ሲስተሙን እዘዘውና ይግደለው።"

አዘዘው። መልሱ አንድ መስመር ነበር።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም።

ስሞቹ ግን ይወርዳሉ...

ወንድማገኘሁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታዲያ የሚሰርዘው ማነው?"

አዩብ ካርዱን መንጭቆ ነቀለው።

አሁንም ይወርዳሉ።

ያኔ እናቱ ከጓዳ ተጣሩ። የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል፣ በሹክሹክታ።

"አዩቤ... 'አቁሚ' አትበላት።"

"ማንን ነው፣ እማ?"

"ደክሟታል። 'አውጡኝ' ያለችውን በየቀኑ ስናስደግማት ከረምን። ይብቃት።"

አዩብ ስለ መሰረዙ አንዲት ቃል አልነገራቸውም ነበር።

የመጨረሻው ስም ወረደ። መስኮቱ ጸጥ አለ። ካርዱን መልሶ ሰካው...

ባዶ።

ወደ ጓዳ ገባ።

እናቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሰው የተኛ ይመስል አጎንብሰው፣ ባዶውን አየር ሹሩባ ይሠራሉ።

በጣቶቻቸው መሃል ግን ረጅም፣ እርጥብ ጠጉር ነበር... ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል።